የቤተ አማራ እመቤቶች፦ ከማክዳ እስከ እቴጌ መነን

ከዐባይ ሸለቆ በስተምሥራቅና ከበሽሎ ወንዝ በስተደቡብ የተዘረጋው ደጋ፣ ዛሬ ቦረና፣ ወግዲ፣ ከለላ፣ ለጋምቦ፣ ተንታ፣ መቅደላና ሳይንት በሚባሉ ወረዳዎች የተከፈለው አገር፣ በመካከለኛው ዘመን ቤተ አማራ ይባል ነበር። የቦረናዋ መካነ ሰላም የምትገኘው በዚሁ ደጋ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ነገሥታት አድባራትን የተከሉበትና የተቀበሩበት፣ ኋላም የወሎ ኢማሞች የገዙበት አገር በመሆኑ ብዙ እመቤቶች አልፈውበታል። ስማቸው በሕዝብ አፍ የቀረው ግን የጥቂቶቹ ነው። እነርሱም የቀሩት ከሌሎቹ የበለጠ ማዕረግ ስለነበራቸው አይደለም። ቁርጥ ቀን በመጣ ጊዜ አንድ ነገር ስላደረጉ፣ ያም ነገር ሰው ከሚያውቀው አምባ፣ ደብር ወይም ልጅ ጋር ስለተያያዘ፣ ካለፉም በኋላ የሚናገርላቸው ወይም የሚናገርባቸው ወገን ስላልጠፋ ነው።

ከሁሉም ቀድማ የምትነሣው ማክዳ ናት። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አጭር ነው፤ ወደ ሰሎሞን ሄደች፣ ጠየቀችው፣ ስጦታ ሰጥታ ተመለሰች። ኢትዮጵያውያን የሚያውቋት ማክዳ የተሣለችው በክብረ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በአፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፣ በአክሱሙ ይስሐቅ እጅ በግእዝ ተጽፎ ለሥርወ መንግሥቱ የዘር መሠረት ሆነ። በዚህ ትረካ የንግሥቲቱ ጥበብና ሀብት ትልቅ ቦታ ቢኖረውም ዘለዓለማዊ ያደረጋት ልጇ ነው። ቀዳማዊ ምኒልክ ባይወለድ ኖሮ የኢየሩሳሌሙ ጉዞ የአንድ ንግሥት ጉብኝት ሆኖ በቀረ ነበር። የደቡብ ወሎ ምዕራብ ደጋም ከዚህ ትረካ ድርሻውን ወስዷል። በአማራ ሳይንት የምትገኘው ተድባበ ማርያም ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር የኦሪት መሥዋዕት ከተሠዋባቸው አራት ቦታዎች አንዷ ናት ተብሎ ይተረካል፤ አመሠራረቷም ከምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም ከመጡት ካህናት ጋር ይያያዛል። የሳይንት ገበሬ ስለ ሳባ ንግሥት ሲሰማ የሚሰማው ስለ ሩቅ አገር ሰው አይደለም፤ ልጇ የላከው ታቦት እዚያው ከደጁ እንዳለ ያምናልና።

የሰሎሞናዊው ነገድ ወደ ዙፋን ተመለሰ የተባለውም ከዚሁ ምድር በወጣ ሰው ነው። በ1262 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ይኩኖ አምላክ የሰገራት ልጅ መሆናቸውን ትውፊቱ ይናገራል፤ ሰገራትም በአማራ ሳይንት ውስጥ ነው። በዚሁ ትውፊት እናታቸው በአንድ የሰገራት ባለጸጋ ቤት የምታገለግል ሴት ነበረች። ተራኪው ግን አልቆመላትም። የሚጨነቀው የአባትየውን ዘር እስከ አክሱም ነገሥታት ለመቁጠርና የንግሥና ትንቢት ስለጮኸው ዶሮ ለማውራት ነው። ንጉሥ የወለደች ሴት ያለ ታሪክ ልትቀር እንደምትችል የሚያሳይ፣ ሊታለፍ የማይገባው ምሳሌ ይህ ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ከነስማቸውና ከነሕመማቸው በዜና መዋዕል ውስጥ መታየት ጀመሩ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ሲገዙ ጠንካራ፣ በመጨረሻም ተጠራጣሪ ንጉሥ ሆኑ። ከሚስቶቻቸው አንዷ ጽዮን ሞገሳ ልጇን በዙፋን ለማስቀመጥ ተማክራለች ተብላ ተከሰሰች፤ ተገርፋም በዚያው ሞተች። ልጇ በእደ ማርያም ሐዘኑን በልቡ ይዞ ቆየ፤ በነገሠ ጊዜም የእናቱን መታሰቢያ አከበረ። የእርሱ የራሱ ደብር አትሮንሰ ማርያም በአማራ ሳይንት የተሠራችና የተቀበረባት ናት። ጽዮን ሞገሳ የምትታወሰው በልጇ ሐዘን በኩል ነው፤ የእርሷን ድምፅ የጻፈ የለም።

በእናት ፋንታ ለበእደ ማርያም የቆሙት እሌኒ ነበሩ። እሌኒ የሐድያው ገራድ (ገዢ) ልጅ ናቸው፤ ከእስላም ቤት መጥተው ተጠምቀው የዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆኑ። የራሳቸው ልጅ አልወለዱም። በእደ ማርያም እንደ እናት አከበሯቸው፣ የበዓልቲሐትነት (የንግሥትነት) ማዕረጋቸውንም አጸኑላቸው። ዜና መዋዕሉ የሚያመሰግናቸው በሁለት ወገን ነው፤ በጸሎትና በሃይማኖት ሥርዐት፣ እንዲሁም የንጉሥን ማዕድ በማሰናዳትና በምክር። በዚያ ዘመን የንጉሥ ማዕድ ትልቅ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚቀርብ፣ ማን ምን እንደሚቀርብለት የሚወሰነው በዚያ ነበርና ምስጋናውን የሙያ ምስጋና ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። እሌኒ ከበእደ ማርያም በኋላ በተከታታይ የነገሡትን አፄዎች አይተው፣ አንዳንዴ ገለል ብለው፣ አንዳንዴ ተመልሰው፣ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ኖሩ።

ታላቁ ቀናቸው የመጣው በእርጅናቸው ነው። በ1500 ዓ.ም. አፄ ናዖድ ሲሞቱ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ስለነበሩ ሞግዚትነቱ በእሌኒ እጅ ወደቀ። የአዳሉ መሪ ማሕፉዝ በየዓመቱ ደገኛውን በሚወጋበት፣ የቱርክ ኃይልም ወደ ቀይ ባሕር በሚገሰግስበት በዚያ ሰዓት፣ እሌኒ ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ ነጋዴ መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ ላኩ። በደብዳቤው የጋራ ጠላትን በባሕርና በየብስ አብሮ የመውጋትን አሳብ አቀረቡ። ማቴዎስ በሕንድ አድርጎ ሊዝበን ደረሰ፤ የፖርቱጋል መልእክተኞችም በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የእሌኒን ሞት ሰምቶ፣ የአገሩ ሰው ትልቁም ትንሹም እንደ አባትና እንደ እናት አድርጎ ያለቀሰላቸው መሆኑን ጽፏል። ፖርቱጋላዊው ጸሐፊ ዳሚያኦ ደ ጎይሽም ሁለት የሃይማኖት መጻሕፍት እንደደረሱ መዝግቦላቸዋል። ከመካነ ሰላም ማዶ፣ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም ያለችው መርጡለ ማርያም እሌኒ ያሠሯት ናት። የእሌኒ ዝና ሦስት እግር አለው፤ የአገር ቤት ዜና መዋዕል፣ የእንግዳ መጽሐፍና የድንጋይ ሕንፃ። አንዱ ቢጠፋ በሁለቱ ይቆም ነበር፤ ደግሞም መጥፋቱ አልቀረም።

በ1524 ዓ.ም. የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ቤተ አማራ ደረሰ። ናዖድ አስጀምረዋት ልብነ ድንግል የፈጸሟት፣ ግድግዳዋ በወርቅና በብር የተንቆጠቆጠ የነበረችው መካነ ሥላሴ ተቃጠለች፤ አትሮንሰ ማርያምም እንዲሁ። አልቫሬዝ ጥቂት ዓመት ቀድሞ አይቷታልና፣ የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህም ከመቃጠሏ በፊት ያየውን በአድናቆት ገልጿልና፣ ሕንፃዋ ከጠፋ በኋላ በሁለት ባላንጣ መጻሕፍት ውስጥ ቆማ ቀረች።

በዚያ ጦርነት ግራና ቀኝ ሁለት ሴቶች ቆሙ። በኢማሙ ወገን የማሕፉዝ ልጅ ባቲ ድል ወምበራ ነበሩ። አባታቸው በ1509 ዓ.ም. በልብነ ድንግል ጦር ተገድሎባቸው ነበር፤ የአባታቸውን ደም ለመመለስ በቆረጠ ልብ ባላቸውን ተከትለው ዘመቱ፣ እርጉዝ ሆነው ተራራ ወጡ፣ በዘመቻው ላይ ልጆች ወለዱ። በክርስቲያኑ ወገን የልብነ ድንግል ሚስት ሰብለ ወንጌል ነበሩ። ባላቸው በ1532 ዓ.ም. በስደት ደብረ ዳሞ ላይ ሲሞቱ እርሳቸው በገመድ ከሚወጣው ከዚያ አምባ ተጠግተው ቆዩ። በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን ይዞ ሲመጣ ከአምባው ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ፤ የቆሰለ አከሙ፣ ሕዝቡ ስንቅ እንዲያቀብል አደረጉ። የኢማሙ ጦር በ1534 ዓ.ም. ዳ ጋማን ማርኮ ሲገድል እንኳ የተረፉትን ሰብስበው ልጃቸውን ገላውዴዎስን ጠበቁ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ሲወድቁ የድል ወምበራ ልጅ መሐመድ ተማረከ። የሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስም ከዚያ ቀደም ተማርኮ በቱርኮች እጅ ነበር። ሁለቱ እናቶች በመልእክተኛ ተስማምተው ልጅን በልጅ ተለዋወጡ።

ያ ልውውጥ የብዙ ዓመት ደም መፋሰስ ባለፈበት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሰብአዊነት ያለው ነገር ነው። በሐረር በኩል ድል ወምበራ ባላቸውን ለመበቀል የሐረሩን አሚር ኑርን እንዳገቡ፣ በደገኛው በኩል ሰብለ ወንጌል አገሪቱን ከመጥፋት ያዳኑ እናት እንደሆኑ ይተረካል፤ ሁለቱም ባለታሪክ የሆኑት በየወገናቸው ነው። ሚናስ ተመልሶ ኋላ ነገሠ። ገላውዴዎስ በሳይንት ተድባበ ማርያምን አደሱ፤ በ1551 ዓ.ም. በኑር ጦር ሲገደሉም ራሳቸው ወደ ሐረር ሲወሰድ አካላቸው በተድባበ ማርያም ተቀበረ። ሰብለ ወንጌል ይህንንም አይተው እስከ 1560 ዓ.ም. ኖሩ።

ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ማዕከል ወደ ጣና ዙሪያ ሄደ። በጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን አሠርተው፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንግሠው ስማቸውን ሲተክሉ፣ የቀድሞው ቤተ አማራ ደጋ የወሎ ኦሮሞ መኳንንት አገር ሆነ። ከእነርሱ የገነነው በወረ ሂማኖ የተቀመጠው የማመዶች ቤት ነው። ኢማም የሚል ማዕረግ የያዙት የዚህ ቤት ገዢዎች ከየጁው ወረሴህ ቤት ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ፤ በጋብቻውም ውስጥ ሴቶቹ ሐረግ ከማገናኘት ያለፈ ሥልጣን ያዙ።

የወረ ሂማኖው ኢማም ሊበን አመዴ ልጅ መነን የዚህ ዋና ምስክር ናት። ክርስትና ተነሥታ የጁዬውን አሉላ ጉግሣን አገባች፤ ልጃቸው አሊ ገና ልጅ ሳለ ራስ ተብሎ የመሳፍንቱ ሁሉ የበላይ ሆነ። መነን ደምቢያንና ጎንደርን በእጇ አድርጋ፣ ኋላም አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብታ እቴጌ ተባለች። ለብዙ ዓመታት በሰሜኑ ፖለቲካ ውስጥ ያለ እርሷ የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። ሆኖም መነንን ሕዝብ የሚያስታውሳት ባላንጣዋ በነበረው በቋራው ካሣ ታሪክ ውስጥ ነው። ካሣን ወደ ራሷ ልታቀርበው የልጇን የአሊን ልጅ ተዋበችን ዳረችለት፤ መናናቁ ግን አልቀረም። ካሣ ቆስሎ ለመታከሚያው ፍሪዳ ቢለምን መነን አንድ ብልት ሥጋ ላከችለት፣ ተዋበች ስድቡ አንገብግቧት ባሏን ለአመፅ አነሣሣች ተብሎ ይተረካል። በ1839 ዓ.ም. መነን የላከችው ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ካሣ ግን ማርኮ ኮሶ አጠጣው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እራሷ መነን ከባሏ ጋር ተማረከች፤ ራስ አሊ ለካሣ ግዛት ለቆ አስፈታት።

የካሣ እናት አትጠገብ ኮሶ ሸጠች መባሉ ስድብ ነበር፤ ካሣ ቴዎድሮስ ሆኖ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ያው ስድብ የክብሩ መለኪያ ሆነ። ድሃ እናት ከፍ ስትል ያቺ ትልቅ እቴጌ ዝቅ አለች። መነን ያስተዳደረችው አገር፣ የዳኘችው ነገር፣ ያስታረቀችው መኳንንት ሁሉ ከአንድ ብልት ሥጋና ከአንድ ፉከራ በታች ተቀበረ። ይህ ፍርድ አድልዎ አለበት፤ ታሪኩን የሚናገረው ያሸነፈው ወገን ነውና። ተዋበች ግን በአንጻሩ በባሏ ፍቅርና በታማኝነቷ ተመሰገነች። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት የንጉሡ ቁጣ የሚገታበት ልጓም ወለቀ የሚለው አስተያየት እስከ ዛሬ በቴዎድሮስ ታሪክ ውስጥ ይደጋገማል።

ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ ዘመቻቸው ወደ ወሎ ሆነ፤ በመስከረም 1848 ዓ.ም. መቅደላን ያዙ። መቅደላ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ ከአናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ሲሆን፣ ለንጉሡ የዕቃ ግምጃ ቤትና የእስረኞች ማኖሪያ ሆነ። ወሎ ግን አልገበረም። ከአሥር ዓመት በላይ ዘመቻ በዘመቻ ላይ ተደረበ፤ እህል ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ የመኳንንቱ ልጆች መያዣ ሆነው ወደ አምባው ወጡ። ከመያዣዎቹ አንዱ የወይዘሮ ወርቂቱ ልጅ ነበር። ወርቂቱ ከወረ ሂማኖው የኢማሞች ቤት ወገናቸውን እየመሩ ለቴዎድሮስ ሳይገዙ የቆዩ እመቤት ናቸው። የሚወዳደሯቸው ሌላዋ የዚያው ቤት እመቤት ወይዘሮ መስተዋት ነበሩ፤ ሁለቱም ለየልጃቸው የኢማምነቱን ወንበር ይሹ ነበር። የወሎ ባላባት በእነዚህ በሁለት ሴቶች ተከፍሎ ነበር።

በመቅደላ ከታሠሩት ሌላው የሸዋው ንጉሥ የኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ ነው። በ11 ዓመቱ ተማርኮ፣ በቴዎድሮስ ቤት አድጎ፣ የንጉሡን ልጅ አልጣሽን አግብቶ ነበር። ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ሌሊት ሚስቱን ትቶ፣ ከታማኞቹ ጋር ከአምባው ወርዶ አመለጠ። ወደ ሸዋ የሚያደርሰው መንገድ በወሎ ምድር ያልፋል፤ ወሎም በወርቂቱ እጅ ነው። ሸሽቶ የገባው ከሰፈራቸው ነበር።

ወርቂቱ በዚያ ጠዋት ያሰቡትን የጻፈ የለም፤ የቀረበላቸው ምርጫ ግን ግልጽ ነው። የንጉሡ አማች ከእጃቸው ገብቷል፤ የራሳቸው ልጅ ከንጉሡ እጅ ነው። ምኒልክን አሥረው ቢመልሱ ልጃቸውን ሊያስለቅቁበት ይችላሉ። ቢለቁት ቴዎድሮስ ምን እንደሚያደርጉ ማንም ያውቃል። ለቀቁት። እንዲያውም አክብረው ተቀብለው፣ ሸኚ ሰጥተው ወደ ሸዋ አሳለፉት። ቴዎድሮስ ከአምባው አፋፍ ሆነው በመነጽር ሲመለከቱ የምኒልክን በወርቂቱ ሰፈር መቀበል አዩ፤ ወርቂቱ ነፃ የሆነ ልጅ ካገኙ የታሠረው ምን ያደርግላቸዋል የሚል ነገር ተናገሩ ይባላል። ከዚያም የወርቂቱን ልጅና ብዙ የወሎ መኳንንትን እጅና እግራቸውን አስቆርጠው ከገደሉ አፋፍ አስጣሉ። ኋላ በመቅደላ ታሥሮ የነበረው አውሮፓዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ይህን በመጽሐፉ መዝግቦታል።

ከአፄ ይኩኖ አምላክ ጀምሮ በዚህ ደጋ ላይ የሆነውን ሁሉ ቢቆጥሩ ከዚህ ውሳኔ የሚከብድ አይገኝም። ምኒልክ በዚያው ክረምት ሸዋ ገብቶ የአባቱን ዙፋን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ አዲስ አበባም፣ ዐድዋም፣ ያለዚያ ማለፊያ መንገድ አይታሰብም። የወርቂቱ ልጅ ከሞተ በኋላ ደግሞ ብዙው ባላባት ወደ መስተዋት ዞረ፤ ምክንያቱም ወራሽ ያላት እርሷ ሆነች። ወርቂቱን የገጠማቸው የእናትነትና የገዢነት ግጭት ነው። የመንግሥት ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ምኒልክ ማምለጥ ሲጽፉ ስማቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያነሣሉ፤ ከዚያ መንገደኛው ይቀጥላል፣ የመንገዱ ባለቤት ከመንገድ ዳር ትቀራለች። ወራሽ የሌላት እመቤት ታሪኳን የሚያስጽፍላት ቤት ጠፋባት። ማክዳን ያነገሣት ምኒልክ የሚባል ልጅ ነበር፤ ወርቂቱን ደግሞ ምኒልክ የሚባል የሌላ ሴት ልጅ ዋጋ አስከፈላቸው። ታላቅነታቸው ይህን ዋጋ መክፈላቸው ነው፤ ይህም ከእሌኒ ደብዳቤና ከሰብለ ወንጌል ልውውጥ እኩል መነገር ይገባዋል።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የሰር ሮበርት ናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። መስተዋት ከብዙ ተከታይ ጋር ወደ እንግሊዞቹ ሰፈር መጡ፤ ወርቂቱም እንዲሁ። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ሁለቱን የተመለከቱት እንደ አንድ ተአምር ነበር፤ በዘመኑ በአፍሪቃ ሴት ጦር ታዝዛ፣ ከጄኔራል ጋር ተደራድራ ማየት አልለመዱምና። የእነርሱ ማስታወሻ የሁለቱን ወሎዬ እመቤቶች ስም ለታሪክ ያቆየ መሆኑ እውነት ነው፤ ያቆየውም ግን አለባበሳቸውንና አበላላቸውን ይበልጥ እያየ ነው። እንግሊዞቹ አምባውን የሚረከባቸው አጥተው ሚያዝያ 10 ቀን አቃጠሉት።

በዚያው አምባ ላይ የነበሩት እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። አባታቸውን ያሠረውን ንጉሥ አግብተው ኖሩ፤ ቴዎድሮስ ሲገቡ ዳዊት ይዘው ከመቀመጫቸው አልተነሡም የሚለው ወሬ የኩራታቸው ምልክት ሆኖ ይወራል። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ከሰባት ዓመቱ ልጃቸው ከዓለማየሁ ጋር ከጦሩ ኋላ ተጓዙ፤ ብዙ ሳይቆዩም ትግራይ ውስጥ በሕመም ሞቱ፣ ጨለቆት ተቀበሩ። ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፣ ዊንድሰር ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የጥሩወርቅም ስም ይነሣል። ልጅን ከባዕድ እጅ የመመለስ ጥያቄ ሕያው እስከሆነ ድረስ እናትየዋም ሕያው ናት።

ከመቅደላ በኋላ ወሎ በምኒልክና በዮሐንስ አራተኛ መካከል ወደቀ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የመስተዋት ልጅ አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተብሎ በምኒልክ ክርስትና አባትነት ተጠመቀ፤ ከዚያው ቤት የወጣው መሐመድ አሊም ሚካኤል ተብሎ በዮሐንስ ክርስትና አባትነት። ታሪክ የቀረለት ለሁለተኛው ነው። ራስ ሚካኤል ተንታን፣ ኋላም ደሴን መቀመጫ አድርገው ገዙ፤ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ። በወርቂቱ መንገድ አልፎ የሄደው ልጅ አሁን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሴት ልጁን ለዚያው ቤት ሰጠ። ሸዋረጋ በ1887 ዓ.ም. እያሱን ወልደው ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ምኒልክ የሸዋ ጦር በወረ ኢሉ እንዲከትት አዋጅ አስነገሩ፤ ከደጋው መሐል ካለው ከዚህ ሰፈር ወደ ዐድዋ የተጓዘው ሠራዊት እቴጌ ጣይቱንም ይዞ ነበር። የጣይቱ ስም በውጫሌው ውል ላይ ካሳዩት ቁርጠኝነት፣ ከመቀሌው የውኃ ምንጭ መያዝና ከአዲስ አበባ መቆርቆር ጋር ተሳስሮ በአገሪቱ ሁሉ ዘለቀ፤ የእርሳቸው ማስታወሻ ከሁሉም የሰፋው ሥራቸው ከአንድ አውራጃ ድል ጋር ሳይሆን ከአንድ አገር ድል ጋር ስለተያያዘ ነው።

ሚካኤል ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ልጃቸው ልጅ እያሱ ከሥልጣን ሲወርድ ለእርሱ ሊዋጉ ወጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በድሉ ወገን የነበሩት የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሚስት መነን አስፋው ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ስህን ሚካኤል፣ አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው። አያት በሰንሰለት ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ የልጅ ልጅ በአሸናፊው ቤት ነበሩ። መነን ይህን በዝምታ ያለፉ ይመስላል፤ ወሎ ግን አልረሳውም፤ ለእናታቸው ወገን ያለው ፍቅርና ለአሸናፊው ያለው ቅሬታ ለብዙ ዓመት አብረው ኖሩ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. መነን ከባላቸው ጋር የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። በአዲስ አበባ በስማቸው የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ለአገሪቱ የሴቶች ትምህርት ትልቅ መነሻ ሆነ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በኢየሩሳሌም ተሰደው ሳሉ አገራቸው ነፃ ብትወጣ ዘውዳቸውን ለቤተልሔሙ የልደት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሰጡ ተስለው፣ በ1933 ዓ.ም. ከተመለሱ በኋላ ስለታቸውን እንደፈጸሙ ይነገራል። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

የ1966ቱ አብዮት የንጉሣዊ ቤተሰብን ስም ከአደባባይ ሲያነሣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የካቲት 12 ተባለ። በደሴ ግን የእናታቸው ስም ቆየ፤ የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ኋላም በዚሁ ስም የተጠራው የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ስሙን የያዙት እንደ ከተማቸው ሀብት ነው። ስህን ዘውድ አልደፉም፣ ጦር አልመሩም፤ ስማቸው በየቀኑ የሚጠራው ወጣት በሚማርበት ደጃፍ ላይ ስለተጻፈ ነው። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲም መቅደላ አምባ የሚል ስም ይዟል። ያ አምባ በአገሪቱ ትዝታ ውስጥ የቴዎድሮስ ነው፤ በወሎ በኩል ሲታይ ግን የወርቂቱ ልጅ የወደቀበት፣ የመስተዋት ወገን የከበበው፣ ጥሩወርቅ ዳዊት የደገሙበት አምባ ጭምር ነው።